ቅንጨ አረሙን የገደለው መድኃኒት አፈሩንም ይገድላል?

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂዋ የጻፈችው ለአባቷ ብላ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«አባቴ ቃሉ ወረዳ፣ ሐርቡ አካባቢ ማሽላና ማሾ ያመርታሉ። ቅንጨ አረም ከመንገድ ዳር ተነስቶ ማሳውን ወርሶታል። ላለፉት ዓመታት ግላይፎሴት እየገዙ ይረጫሉ። ለአንድ ጥማድ አንድ ሊትር ያህል ነው፤ ካልሞተ ይደግሙታል። ከሰብሉ በኋላም ማሳው ንጹሕ እንዲሆን ብለው ይረጫሉ። አምና ደግሞ ማሽላው ላይ ሌላ መድኃኒት ተረጭቷል፤ ስሙን አያስታውሱም። ዘንድሮ ግላይፎሴት በረጩ በአራተኛው ቀን ማሾ ዘሩ። በቀለ፣ ግን ቀጨጨ። የታችኛው ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። ጎረቤት ሁሉ ‹መድኃኒቱ አፈሩ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ነፍሳት ፈጅቷቸዋል፣ ከእንግዲህ መሬቱ አይረባም› ይላቸዋል። አባቴ በጣም ተጨንቀዋል። እውነት ነው? መሬቱስ ያገግማል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ አባትሽን አረጋጊያቸው። መሬቱ አልሞተም። ካልሽኝ ነገር ተነስቼ ስገምት፣ ማሾው የቀጨጨው ግላይፎሴቱ ነፍሳቱን ስለፈጃቸው አይመስለኝም። ሌሎች ተጠርጣሪዎች አሉ፤ እነሱንም ራስሽ ጽፈሻቸዋል። ግን የጎረቤቶቹ ስጋት ዝም ብሎ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ግላይፎሴት አረም የሚገድለው አንድ ኢንዛይም በማሰር ነው። ተክሉ ለፕሮቲን የሚያስፈልጉትን ሦስት አሚኖ አሲዶች የሚሠራው በዚያ ኢንዛይም በኩል ነው። እሱ ሲታሰር ተክሉ ቀስ በቀስ ይገረጣል፣ ከዚያ ይደርቃል። ሰውና ከብት ይህ ኢንዛይም የላቸውም። ባክቴሪያና ፈንገስ ግን አላቸው። ስለዚህ «አረሙን የገደለ አፈሩ ውስጥ ያለውንም ይነካል» ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ግላይፎሴት ሲጨመርበት እድገቱ ይገታል። (ኢንዛይሙ ሰው ላይ የለም ማለት መድኃኒቱ ለሰው ምንም አያደርግም ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 «ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ሰፊ ነው» ከሚላቸው መደብ ውስጥ አስገብቶታል። ሌሎች ተቆጣጣሪዎች በዚህ አልተስማሙም። ክርክሩ እስኪያልቅ ግን አባትሽ ያለ ጓንትና ያለ ቦቲ ባይረጩ ደስ ይለኛል።)

ማሳ ላይ ሲሆን ነገሩ ይለያል። ግላይፎሴት አፈር ላይ እንደወደቀ ከሸክላው፣ ከብረቱና ከአሉሚኒየሙ ጋር አጥብቆ ይያያዛል። የተያዘ መድኃኒት ደግሞ ለሥርም ለባክቴሪያም በቀላሉ አይደርስም። የናንተ አካባቢ አፈር ሸክላው ብዙ ነው።

መጠኑንም እንመልከተው። የተለመደው ግላይፎሴት በሊትር 360 ግራም መድኃኒት አለው። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ነው። የላይኛውን 5 ሳንቲ ሜትር አፈር ብቻ ብንወስድ እንኳ ክብደቱ ወደ 1,500 ኩንታል ይጠጋል። አንድ ሊትር መድኃኒት አንድም ጠብታ ቅጠል ላይ ሳይቀር ሁሉም መሬት ቢወድቅ፣ በአንድ ኪሎ አፈር ከሁለት ሚሊ ግራም ትንሽ የሚበልጥ ነው የሚደርሰው። በዚህ መጠን የአፈር ነፍሳት ጠቅላላ ብዛትና አተነፋፈስ ብዙም አይለወጥም። ቢለወጥም ለጥቂት ጊዜ ነው። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ከተረጨ በኋላ የአፈሩ አተነፋፈስ ይጨምራል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ይበሉታል። ግላይፎሴት ውስጥ ካርቦን፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ አለ። እሱን ሰብረው የሚመገቡ ባክቴሪያዎች በየአፈሩ አሉ። መድኃኒቱን ከማሳው የሚያጠፋው በዋናነት የእነሱ ሥራ ነው እንጂ ፀሐይ ወይም ጊዜ ብቻውን አይደለም።

ግማሹ እስኪጠፋ በአማካይ አንድ ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል። ይህ እንደ አፈሩ በጣም ይለያያል። አንዳንድ ቦታ በቀናት፣ አንዳንድ ቦታ በወራት ነው። እርጥበትና ሙቀት ሲኖር ይፈጥናል። በጋ ላይ አፈሩ ሲደርቅ ነፍሳቱ ሥራ ያቆማሉ፣ መድኃኒቱም ይቀመጣል። ሲሰባበር የሚወጣው አምፓ የተባለ ውላጅ ደግሞ ከእናቱ ይልቅ ረጅም ጊዜ ይቆያል። በየዓመቱ ደጋግሞ የሚረጭ ማሳ ላይ ስለሚጠራቀም ነው ይህን የምነግርሽ።

አሁን ወደ ማሾው ልምጣ። ማሾ ናይትሮጅኑን የሚያገኘው ሥሩ እባጮች ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ነው። ከእነዚህ ባክቴሪያዎች አንዳንዱ ዝርያ ግላይፎሴትን አይችልም፣ ሌላው ይችላል። በርካታ ጥናት የተሠራው መድኃኒቱን እንዲቋቋም ተደርጎ በተሻሻለ አኩሪ አተር ላይ ነው። እዚያ መድኃኒቱ የሚረጨው ሰብሉ ራሱ ላይ ስለሆነ በተክሉ ውስጥ ወርዶ እባጩ ጋ ይደርሳል። አባትሽ ግን የረጩት ማሾው ከመዘራቱ በፊት ነው። በዚህ መንገድ እባጩ ጋ የመድረሱ ዕድል ትንሽ ነው።

ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ አራት ቀን ያልሽው ነው። ግላይፎሴት የጠጣ አረም ወዲያው አይሞትም። ሥሩ ለሳምንታት እየደከመ፣ እየበሰበሰ ይቆያል። ራሱን መከላከል ያቃተውን ሥር ደግሞ ራይዞክቶኒያ፣ ፒቲየም፣ ፉዛሪየም የተባሉ የሥር አበስባሽ ፈንገሶች ይረባረቡበታል። ቁጥራቸው በአንዴ ያሻቅባል። በዚህ መሃል ዘር ከተዘራ፣ ከሚሞተው የአረም ሥር ወደ አዲሱ የማሾ ሥር ይሻገራሉ። የዚህ መፍትሔ ቀላል ነው፤ ከተረጨ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ አረሙ ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ ሦስት ሳምንት መጠበቅ። የወሎ ዝናብ ይህን ያህል ትዕግሥት እንደማይሰጥ አውቃለሁ። ዝናቡ ሲመጣ መዝራት ግድ ነው። ስለዚህ ርጭቱን ቀደም ብሎ መጨረስ ወይም በዚያ ዓመት ትቶ በእርሻና በእጅ ማረም ይሻላል።

ሌላው ተጠርጣሪ አምና ማሽላው ላይ የተረጨው ስሙ የጠፋው መድኃኒት ነው። ለማሽላና ለበቆሎ ከሚሸጡት ውስጥ አትራዚን ያለባቸው አሉ። ማሽላ አትራዚንን ይችለዋል። ማሾ፣ ሽምብራ፣ ጤፍ ግን አይችሉትም። አትራዚን እንደ ግላይፎሴት ከአፈር ጋር አጥብቆ አይታሰርም፣ በሥር በኩል ይገባል። ዝናብ ባነሰበት ዓመትና አሲድነት በሌለው (አልካላይን በሆነ) አፈር ከአንድ ወቅት ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል። እሱንም የሚሰባብሩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ግን እርጥበት ካላገኙ ምንም ማድረግ አይችሉም። ደረቅ በጋ ካለፈ በኋላ የተረፈው የዘንድሮውን ማሾ ሊመታው ይችላል።

ሁለቱን እንዴት ትለያቸዋለሽ? ማሳው ውስጥ ግቢና ጥቂት ማሾ በአካፋ ከነአፈሩ አውጪ። ጎትተሽ አትንቀዪው፣ እባጮቹ አፈር ውስጥ ይቀራሉ። ሥሩን ውኃ ውስጥ ነክረሽ ቀስ ብለሽ እጠቢው። እባጭ ካለ በጥፍርሽ ክፈቺው። ውስጡ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ባክቴሪያው ናይትሮጅን እየሠራ ነው፣ ሰላም ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ እየሠራ አይደለም። ጭራሽ እባጭ ከሌለ ባክቴሪያው አፈሩ ውስጥ የለም ወይም አልተገናኙም ማለት ነው። ሥሩ ቡናማ ሆኖ የሚላጥ ከሆነ ደግሞ የፈንገሱ ጉዳይ ነው። ቅጠሉንም እዪ። የታችኛው ቅጠል ሙሉ ለሙሉ እኩል ከገረጣ የናይትሮጅን እጥረት ነው። ቢጫነቱ ከቅጠሉ ጠርዝ ጀምሮ ወደ ውስጥ እየገባ ጠርዙ ከተቃጠለ አትራዚንን ጠርጥሪ። ቅጠሉ ከተጣመመና ከተኮማተረ ደግሞ ከጎረቤት ጤፍ ማሳ በነፋስ የመጣ ቱ ፎር ዲ የተባለው የአረም መድኃኒት ሊሆን ይችላል። እሱ ማሾን በትንሹም ይጎዳል።

ይበልጥ እርግጠኛ መሆን ከፈለግሽ ከተረጨው ማሳና ፈጽሞ ካልተረጨ ቦታ፣ ለምሳሌ ከጓሮ፣ አፈር ውሰጂ። በየቆርቆሮው ጨምረሽ ማሾም ጤፍም ዝሪ። እኩል አጠጪ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ጤፉም ማሾውም በተረጨው አፈር ብቻ ከተቃጠለ፣ አፈሩ ውስጥ የቆየ መድኃኒት አለ። ይህ ላቦራቶሪ አያስፈልገውም፣ ባለሙያዎችም ይጠቀሙበታል።

የነፍሳቱን ጉልበት መለካትም ይቻላል። ሁለት እኩል ቁራጭ ንጹሕ አቡጀዴ ያዢ። አንዱን የተረጨው ማሳ ውስጥ፣ ሌላውን ያልተረጨ ቦታ በአንድ ስንዝር ጥልቀት ቅበሪ። ክረምት ላይ፣ እርጥበት ባለበት መሆን አለበት። በሁለት ወር አውጥተሽ አስተያዪያቸው። ጥጥ የሚበላው በባክቴሪያና በፈንገስ ነው። ይበልጥ የተበሳሳው ያለበት አፈር ይበልጥ ሕያው ነው። አባትሽ በዓይናቸው ቢያዩት ከእኔ ወሬ ሁሉ ይሻላል።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። እኔን ከመርዙ ይልቅ የሚያሳስበኝ ባዶው መሬት ነው።

«ማሳው ንጹሕ እንዲሆን» ብለሽ የጻፍሽውን ደግሜ አነበብኩት። የአፈር ነፍሳት የሚኖሩት በሥር ነው። ሕያው ሥር ቀን ከቀን ስኳርና አሲድ ወደ አፈር ያንጠባጥባል። በዙሪያው የሚርመሰመሰው ባክቴሪያ ከሌላው አፈር ይልቅ እጅግ ብዙ የሆነው ለዚህ ነው። ሰብል ከተነሳ በኋላ አረሙም፣ ሣሩም፣ ሁሉም በግላይፎሴት ሲጠረግ ያ ምግብ ይቋረጣል። ነፍሳቱን መርዙ አልገደላቸውም፤ ርሃብ ነው የሚጎዳቸው።

በዚህ በጣም የሚጎዳው ማይኮራይዛ የሚባለው ፈንገስ ነው። ከሥር ጋር ተጣብቆ የሚኖር፣ ክሩን ሥር ወደማይደርስበት አፈር ዘርግቶ ፎስፈረስና ዚንክ የሚያመጣ ፈንገስ ነው። ማሽላም ማሾም በእሱ ይጠቀማሉ። ሕያው ሥር ካላገኘ ግን መራባት አይችልም። ምስክር ልጥራ። አውስትራሊያ ውስጥ ኩዊንስላንድ የሚባል ግዛት አለ። አፈሩ እንደኛ ዋልካ ጥቁር ሸክላ ነው። የሚገርመው ቅንጨ አረምም ክፉኛ ካስቸገራቸው ቦታዎች አንዱ እሱ ነው። እዚያ ገበሬዎች እርጥበት ለመያዝ ብለው መሬታቸውን ከዓመት በላይ ከአረም ንጹሕ አድርገው ያሳርፉ ነበር። ከዚያ የተዘራው ሰብል ግን ያልተጠበቀ ሆነ። እርጥበት እያለ ቀጨጨ፣ የፎስፈረስና የዚንክ እጥረት አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች ምክንያቱን አገኙት። በባዶው ጊዜ ማይኮራይዛው ተመናምኖ ነበር። አረሙ የጠፋው በማረሻ ይሁን በመድኃኒት ለፈንገሱ ልዩነት የለውም። የሚያስፈልገው ሥር ነው፤ ሥር አልነበረም።

እንግዲህ የአባትሽን ማሳ በዚህ ዓይን ተመልከቺው። ቅንጨ አረሙ ራሱ ክፉ ጎረቤት ነው። ፓርተኒን የሚባል መራራ ነገር ከቅጠሉና ከሥሩ ወደ አፈር ይለቃል። ናይትሮጅን የሚሠሩ ባክቴሪያዎችን ያዳክማል፣ የሰብል ዘር እንዳይበቅል ያግዳል። ከብት ከበላው ወተቱ ይመራል። ነክተውት እጃቸው የሚያብጥና የሚያሳክካቸው ሰዎችም አሉ። ስለዚህ ይቆይ አልልም፤ ይውጣ። ግን ወጥቶ ቦታው ባዶ ከቀረ ሁለት ጊዜ ተጎዳችሁ። ነፍሳቱ ይራባሉ፣ ባዶውን ቦታ ደግሞ ቀድሞ የሚይዘው ያው ቅንጨ አረም ነው። አንድ እግር ብቻውን ከ15,000 በላይ ዘር ሊጥል ይችላል። በበቀለ በአንድና በሁለት ወር ያብባል። አፈር ውስጥ የተቀበረው ዘር ዓመታት ይቆያል። ወሎ ውስጥ ከድርቁ ዘመን የእርዳታ እህል ጋር እንደገባ ነው የሚታመነው። ከዚያ ወዲህ ያልተወው ቦታ የለም፣ በተለይ መንገድ ዳር፣ ጠርፍና የተጋጠ ግጦሽ። ሦስቱም ባዶ መሬቶች ናቸው።

ስለዚህ ለአባትሽ የምለው እንዲህ ነው። ግላይፎሴትን ሙሉ ማሳ ላይ መርጨቱን ይተዉት። ጠርፉ ላይ፣ መንገዱ ዳር፣ አረሙ ብቻውን በተሰበሰበበት ቦታ፣ ሳያብብ፣ ለምለም ሆኖ እያደገ ሳለ ይርጩት። ያኔ ትንሹ መጠን ይበቃል። ማሳው ውስጥ ያለውን ከዝናብ በኋላ አፈሩ ሲለሰልስ፣ አበባ ሳያወጣ፣ በጓንት ከነሥሩ ይንቀሉት። ማሽላው መካከል ላም አተር ወይም ማሾ ይግባበት። ቶሎ ተንሰራፍቶ መሬቱን ስለሚሸፍን ቅንጨ አረም ብርሃን ያጣል፣ ለባክቴሪያውም ለፈንገሱም ሥር ይኖራል። ጠርፉ ላይ ሰርዶ ወይም ሌላ የከብት ሣር ይያዝ። በበጋ አገዳው ሁሉ ተለቅሞ ከብት ላይ እንዳያልቅ። ከብት መኖ እንደሚፈልግ አውቃለሁ፤ ቢቻል ጥቂቱ መሬት ላይ ይቅር።

«ካልሞተ ይደግሙታል» ያልሽውም መልስ ይፈልጋል። ውኃውን ከየት ነው የሚቀዱት? ከደፈረሰ ወንዝ ከሆነ ምክንያቱ እዚያው ነው። ግላይፎሴት አፈር ላይ እንደሚታሰረው ሁሉ መርጫው ውስጥም ከጭቃው ጋር ይታሰራል። ጨው የበዛበት የጉድጓድ ውኃም ያዳክመዋል። በደፈረሰ ውኃ የተበጠበጠ መድኃኒት አረሙን ሳይገድል መሬቱ ላይ ይወርዳል። ከዚያ ድጋሚ ይረጫል፣ መጠኑ ይጨምራል፣ ወጪውም ይጨምራል። አዳሩን የጠለለ ንጹሕ ውኃ ይጠቀሙ። በዚያ ላይ ግላይፎሴት የማይገድለው ቅንጨ አረም ኮሎምቢያን ጨምሮ በሌሎች አገሮች ታይቷል። በአንድ መድኃኒት ብቻ ዓመት ከዓመት መመላለስ ያንን የሚያፋጥን ነው።

መርጫ የሚታጠብበት ቦታም አንዱ ጉዳይ ነው። ከላይ የነገርኩሽ የሁለት ሚሊ ግራም ስሌት የሚሠራው መድኃኒቱ ማሳው ላይ በእኩል ሲበተን ነው። መርጫው በሚሞላበትና በሚታጠብበት ቦታ የሚፈሰው ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። የአፈር ነፍሳት በእርግጥ የሚመቱት እዚያ ነው። በየጊዜው ቦታ ይቀያይሩ፣ እጥበቱን ያረሙበት ጠርፍ ላይ ይርጩት። ቦርከና ውስጥ ወይም ገባር ጅረት ላይ በፍጹም አይታጠብ። መድኃኒቱ ቅጠል ላይ እንዲጣበቅ የሚጨመርበት ሳሙና መሰል ነገር ብዙ ጊዜ ከግላይፎሴቱ ይልቅ ዓሣንና እንቁራሪትን ይገድላል።

ማሾው ዘንድሮ ይድናል ወይ? እባጩ ሮዝ ከሆነ ጊዜ ስጡት፣ ይነሳል። እባጭ ከሌለው ለዘንድሮ ጥቂት ዩሪያ ያቆየዋል። ለከርሞ ግን ዘሩን ለማሾ በተዘጋጀ የባክቴሪያ ማዳበሪያ አሽታችሁ ዝሩ። ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም ሲሪንቃ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ጠይቁ። ዘሩ በጥላ ይታሽ፣ በዚያው ቀን ይዘራ። ፀሐይ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። አትራዚን ሆኖ ከተገኘ ከርሞም እዚያ ጥማድ ላይ ማሾ አትዝሩ። ማሽላ ወይም በቆሎ ይግባ፣ ፍግ ይጨመርበት። ፍጉ እርጥበት ይይዛል፣ መድኃኒቱን የሚሰባብሩትንም ይመግባል።

አምና ማሽላው ላይ የተረጨው ጠርሙስ ቤት ውስጥ ካለ፣ ባዶም ቢሆን፣ ፈልጊውና በጽሑፉ ላይ «የሚሠራ ንጥረ ነገር» የሚለውን መስመር ገልብጠሽ ላኪልኝ። የተረጨበትን ወርም ጨምሪ። ከዚያ ከርሞ ምን መዝራት እንዳለባቸው በትክክል ልነግርሽ እችላለሁ። ጠርሙሱን ግን ጋዝም ዘይትም እንዳይደረግበት፤ ሦስቴ ታጥቦ፣ ተበስቶ ይወገድ።